የተቆረጠው ስፒና

ይስማው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጥገና ሠራተኛ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅርብን፤ ብንጠራው የሚቆጣ እንጂ የሚያፍር ሰው አናገኝበትም። ይስማው እዚያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አምፖል ሲቀይር፣ የተነቀለ ሶኬት ሲመልስ፣ ቁልፍ የጠፋበትን በር ሲፈታ ኖሯል። ስሙ የሚነሳው ነገር ሲበላሽ ነው። ነገሩ ሁሉ ሲሠራ ግን ይስማው የሚባል ሰው በሕንጻው ውስጥ መኖሩን የሚያስታውስ የለም። እሱም ለምዶታል፤ ለምዶታል ማለት ግን አይቆጨውም ማለት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ባሕር ዳር ለአምስት ቀን ሥልጠና ላኩት። ሥልጠናው በሥራ ቦታ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ዕቃዎችን ስለ መመርመር ነበር፤ ኮምፒዩተሩን፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን፣ ሂተሩን፣ ምድጃውን፣ ዲቫይደሩን፣ ገመድ ያለውን ሁሉ። ይስማው ትምህርት ቤት ሳለ እንኳ እንደዚያ ሳምንት ጆሮውን ሰጥቶ አልተማረም። ሲመለስ የምሳ ዕቃ የሚያህል መመርመሪያ መሣሪያና ሁለት ጥቅል ተለጣፊ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ላለፈ ዕቃ አረንጓዴ፣ ለወደቀ ዕቃ ቀይ። የወደቀውን ምን እንደሚያደርጉትም አሠልጣኙ ነግሯቸዋል፤ ስፒናውን ከገመዱ ላይ በፒንሳ ቆርጦ መጣል ነው። ስፒና የሌለው ዕቃ ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ ሶኬት ውስጥ ያልገባ ዕቃ ሰው አይገድልም። ይስማው ይህችን ደብተሩ ላይ ጻፋትና ሁለት ጊዜ አሰመረባት።

ለወራት መሣሪያውን ማንም አላስታወሰውም። ሐምሌ ሲገባ ግን ከክልል ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ የሚል ደብዳቤ ደረሰና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ፍቅረ ሥላሴ ይስማውን አስጠሩት።

«በሚቀጥለው ማክሰኞ እንግዳ አለብን» አሉት። «እስከዚያ አንድም ዕቃ ያለ ወረቀት እንዳይገኝ። አረንጓዴ ይሁን፣ ሰማያዊ ይሁን፣ ብቻ ወረቀት ይለጠፍበት።»

ይስማው ወረቀቱ ለመለጠፍ ብቻ እንዳልሆነ ሊነግራቸው አሰበና ተወው። ደስ ብሎት ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ሳይበላሽ ተጠርቷል።

ምርመራው ሲጀመር መላው ሠራተኛ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ሸሸው። የደብረ ማርቆስ ሐምሌ ሰው የሚያደርገውን የሚያሳጣ ብርድ ነው፤ በየጠረጴዛው ሥር ከቤት የመጣ ሂተር የሌለው አልነበረም። ይስማው መሣሪያውን አንጠልጥሎ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲል ሂተሩ ሁሉ ቁም ሳጥን ገባ። የንብረት አስተዳደር ኃላፊው አቶ አበረ ሳይቀሩ የራሳቸውን ገና ትኩሱን የፋይል መደርደሪያ ውስጥ ደብቀው፣ የተለበለበ ወረቀት እየሸተተ «እኔ ዘንድ ምንም የለም» አሉት። ከዚያ ትልቁን የንብረት መዝገብ ብብታቸው ሥር አድርገው አብረውት ዞሩ። እሳቸው ቁጥር ይጠራሉ፣ ይስማው ይመረምራል፣ ይለጥፋል። ሦስት ቀን እንዲህ ዋሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከደረጃው ሥር ካለችው የሻይ ክፍል ደረሱ።

የሻይ ክፍሏ የወለተ ኪዳን ናት። ወለተ ኪዳን ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት የኮንትራት ሠራተኛ ናት፤ ጠዋት ቢሮ ትጠርጋለች፣ ከዚያ እስከ ማታ ሻይ ታፈላለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለቻት አንድ ልጅ ሔዋን ናት፤ በዚያው ሰሞን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት ትጠብቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ወለተ!» እያለ ከፎቅ ይጣራል። ታላቄ ናት ብሎ «እርስዎ» የሚላት ይስማው ብቻ ነው።

ምድጃዋ ባለ አንድ ዓይን ኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ሠራተኛው ሻይ ፈልጎ አዋጥቶ የገዛው ስለሆነ በመጋዘን አላለፈም፤ ቁጥርም አልተጻፈበትም። ይስማው ያውቀዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ስፒናው ቀልጦ ነበር፤ አዲስ ስፒና በግዥ በኩል እስኪመጣ ሦስት ወር ስለፈጀ፣ እስከዚያው ይስማው ራሱ የገመዱን ሁለት ጫፍ ልጦ፣ ሽቦውን ሶኬቱ ውስጥ ከቶ፣ በሁለት የክብሪት እንጨት አጥብቆ አሠርቶላታል። እንዳትቸገር ብሎ አሠራሩንም አሳይቷታል። በዚያ ቤት ክብሪት ያልገባበት ሶኬት ማግኘት ይከብዳል፤ ነውር አይደለም።

«ይነዝርዎታል እንዴ፣ እትዬ?» አላት መሣሪያውን እየፈታ።

«አይ ወንድም ዓለም! ሰባት ዓመቱ እኮ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ እጮህ ነበር፤ አሁንማ ተላምደናል። ማንቆርቆሪያውን በጨርቅ ነው የምይዘው። የላስቲክ ጫማዬን ካደረግሁ ደግሞ ብዙም አይደፍረኝ።»

«ለሰው አልነገሩም?»

«ለእኝሁ ለአቶ አበረ ነግሬ ነበር» አለች በአገጯ እየጠቆመች። «ምድጃው ነዘረኝ ስላቸው የትኛው ምድጃ አሉኝ።»

አቶ አበረ መዝገባቸውን አገላበጡ እንጂ ቀና አላሉም።

ይስማው መረመረ። ምድጃው ወደቀ፤ ደግሞም ክፉኛ ነው የወደቀው። ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ አካል ይፈስሳል፤ ወደ መሬት የሚያወርደው ገመድ ጨርሶ የለም። ወለተ ኪዳን ሰባት ዓመት ሙሉ በጨርቅና በላስቲክ ጫማ ነው በሕይወት የቆየችው። ይስማው ቀዩን ወረቀት መላጥ ሲጀምር አቶ አበረ ያዙት።

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥር የለውም።»

«እንግዲያው እለፈው። መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ የለም ማለት ነው። የሌለ ዕቃ ላይ ምን ትለጥፋለህ?»

«አለ እንጂ አቶ አበረ፣ ይኸው ሻይ እየፈላበት!»

«አንተ ሻዩን ታያለህ፤ እኔ የማየው መዝገቡን ነው» አሉና ወጡ።

ይስማው በዚያው ቀን አዲስ ምድጃ እንዲገዛ የጥያቄ ቅጽ ሞላ። ቅጹ ላይ «የሚተካው ዕቃ ቁጥር» የሚል ቦታ አለ፤ ባዶውን ስለተወው ተመለሰለት። እንደገና ጽፎ ላከ፤ እንደገና ተመለሰ። አርብ ጠዋት አቶ ፍቅረ ሥላሴ ዘንድ ወጣ። እሳቸው መስኮቱ ላይ መጋረጃ እያሰቀሉ ነበር።

«ይስማው፣ እባክህ የምድጃ ነገር ከእንግዶቹ በኋላ ይሁንልን» አሉት።

ይስማው ተናደደ። መናደድ የማያውቅ ሰው ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ አያውቅምና ፒንሳውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሻይ ክፍሏ ወረደ፤ ምድጃውን ነቅሎ ስፒናውን ከገመዱ ላይ ቆረጠው።

«ውይ! ምን ነካህ?» አለች ወለተ ኪዳን።

«ይገድልዎታል እትዬ። በዚህ ሁለተኛ አይሠሩም።»

«ታዲያ ሻዩን በምን ላፍላ?»

«በከሰል።»

«ከሰልማ ጭሱ ፎቅ ይወጣል ብለው አቶ ፍቅረ ሥላሴ ከለከሉ።»

«እንግዲያው ሻይ ይቅርባቸዋ!»

ወለተ ኪዳን ሳቀች። «ሻይ የሚቀር መሰለህ? ሻይ ከቀረ የምቀረው እኔ ነኝ። ኮንትራቴ ነሐሴ ላይ ያልቃል፤ ሲያድሱልኝ የሚያዩት ሻዩን ነው።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። አያስቡ፤ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ» አላት፤ ስፒናውንም ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ወለተ ኪዳን አየት አደረገችውና «እግዜር ይስጥህ» አለችው።

የዚያን ቀን ይስማው ዝናብ እየመታው ወደ ቤቱ ሲሄድ ልቡ ሞልቶ ነበር። ሚስቱ እቴናት ጫማውን ስታወልቅለት «ዛሬ አንድ ሰው አዳንኩ» አላት። እቴናት ማንን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችውም፤ «እሰይ፣ ጎሽ» አለችና ካልሲውን እሳት ዳር ሰቀለችው።

እነግራቸዋለሁ ያለውን ግን አልነገራቸውም። አርብ ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ዋሉ። ሰኞ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ያልተለጠፈበት ሃያ ምናምን ዕቃ ተገኘና ይስማው ሲለጥፍ፣ ሲጽፍ፣ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ መሸ። ሰኞ ዕለት ሻይ አልፈላም፤ ሠራተኛው አጉረመረመ፤ ወለተ ኪዳንም ተጠርታ በጸሐፊዋ በኩል «ነገ እንዲህ ብትሆኚ ወዮልሽ» ተባለች። ይህን ይስማው በኋላ ነው የሰማው።

ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ተኩል እንግዶቹ ደረሱ። አቶ ፍቅረ ሥላሴ በየቢሮው አዟዟሯቸው። የእንግዶቹ መሪ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች፤ አረንጓዴዎቹን ወረቀቶች ጎንበስ እያለች አነበበችና «ይህን የሠራው ማነው?» አለች። ይስማው ወደ ፊት ተገፋ። ሴትዮዋ እጁን ጨብጣ «በዞኑ ካየነው ሁሉ የእናንተ የተሻለ ነው» አለችው። ላብ አጠመቀው። አቶ ፍቅረ ሥላሴ እንግዶቹን ወደ አዳራሹ እያስገቡ ፈገግ ብለው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩና በዝግታ «ሻዩስ?» አሉ። ጸሐፊዋ እየተጣደፈች ወረደች፤ ተመለሰችና «እየፈላ ነው» አለች።

ይስማው ሰማ። በምን እየፈላ ነው የሚል ሐሳብ መጣበት። በዚያው ቅጽበት የአዳራሹ መብራት ደብዘዝ አለና ተመለሰ፤ እንደገና ደብዘዝ አለ።

«መብራታችሁ ይጫወታል» አለች እንግዳዋ እየሳቀች።

ይስማው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፋ፤ በሩን ከፈተ። ወለተ ኪዳን ወለሉ ላይ ነበረች። ማንቆርቆሪያው ተደፍቶ፣ ሻዩ ከደረጃው ሥር ከሚሰርገው የዝናብ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ልብሷን አርሶታል። የላስቲክ ጫማዋ በሩ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ እንግዳ ስላለ የክት ጫማዋን ነበር ያደረገችው። ሶኬቱ ላይ የምድጃው ገመድ ሁለት የተላጡ ጫፎች ገብተዋል፤ በሁለት የክብሪት እንጨት ጥብቅ ተደርገዋል። በጣም ንጹሕ ሥራ ነበር። ልክ እሱ እንዳሳያት።

በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሆስፒታል ወሰዷት። በሕይወት አልደረሰችም።

ይስማው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከዓይኑ አልጠፋ አለው። ባሕር ዳር ነው፤ አሠልጣኙ «ስፒናው ከተቆረጠ ነገሩ አለቀ» ሲላቸው ሠላሳ ሁለት የጥገና ሠራተኛ በአንድነት ራሱን ነቀነቀ። ሠላሳ ሁለቱም ሲያድጉ ሬዲዮ በክብሪት የሰኩ፣ ሲሠሩም በየወርክሾፓቸው በክብሪት የሚሰኩ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ እንኳ እጁን አውጥቶ «እኛ አገር ስፒና ባይኖርም ይሰካል እኮ» ያለ አልነበረም። እሱም አላለም። ደብተሩ ላይ አሰመረ እንጂ።

ቀብሯ ላይ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተገኘ፤ አቶ ፍቅረ ሥላሴም አለቀሱ፤ ከልባቸው ነው ያለቀሱት። በሦስተኛው ቀን አቶ አበረ አንድ ወረቀት ይዘው ወርክሾፑ ድረስ መጡ። በአሥራ አራት ዓመት እዚያ ገብተው አያውቁም። የሚቀመጡበት ሲፈልጉ ይስማው ሳጥን አራገፈላቸው።

ወረቀቱ አጭር ነበር። ሟች ያለ ፈቃድ ከቤቷ ባመጣችው ዕቃ በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት አደጋ እንደደረሰባት ይላል። ከሥር ለባለሙያው አንድ መስመር ተትቷል፤ «ዕቃው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስላልሆነ ለምርመራ አልቀረበም።» ከዚያ ስምና ፊርማ።

«መርምሬዋለሁ እኮ» አለ ይስማው። «እርስዎም ቆመው ነበር።»

«ቀስ ብለህ አስብ» አሉ አቶ አበረ። ድምፃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ይህ ነው ይስማውን ያስፈራው። «መርምሬዋለሁ ካልክ፣ መውደቁን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ካወቅህ ስፒናውን ቆርጠሃል። ከቆረጥህ ገመዱን ራቁቱን እጇ ላይ ትተህ የሄድከው አንተ ነህ። ደግሞ በክብሪት መሰካቱን ማን አስተማራት ቢሉህስ? ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል። አልመረመርኩም ካልክ ግን ምንም የለም። ምድጃው የለም፣ ስፒናውም የለም፣ አንተም የለህበትም።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷን እግዜር ያሳድጋታል። አንተም ሦስት አሉህ።»

ይስማው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ነው ካልተባለ ሔዋን ምንም ካሣ እንደማታገኝ ያውቃል። ከዚያም በላይ፣ ሰባት ዓመት የእነሱን ሻይ ስታፈላ እየነዘራት የኖረች ሴት የመንግሥት ኤሌክትሪክ የሰረቀች ተብላ እንደምትቀር ያውቃል። ፈረመ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ለራሱ ትንሽ አክብሮት ይተርፈው ነበር።

በሳምንቱ አዲስ ምድጃ ተገዛ። ቁጥሩ በነጭ ቀለም ተጽፎበት፣ ወደ መሬት የሚወርደው ገመዱ ሳይቀር ተሟልቶ መጣ። ይስማው መረመረው፤ አለፈ፤ አረንጓዴ ለጠፈበት። የግዥ ቅጹን ያየው ያኔ ነው። «የሚተካው ዕቃ ቁጥር» በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ተሰምሮበት ነበር። ለካ ሰረዝም ይበቃ ኖሯል።

የወለተ ኪዳን አርባ በወጣ በማግስቱ ሔዋን ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተቆርጣለች። እናቷን ትመስላለች፤ አገጯ ያው ነው።

«ጋሼ ይስማው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፤ ግቢ ልጄ።»

አልገባችም። «ቢሮ ሄጄ ነበር። እናትሽ ምድጃውን ከቤት ነው ያመጣችው አሉኝ። እኛ ቤት ምድጃ ኖሮን አያውቅም ጋሼ። መብራት የገባልን እንኳ ዘንድሮ ነው።» የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ያዘች። «እናቴ በዚያ አርብ ማታ ነግራኝ ነበር። ይስማው የሚባል ሰው ምድጃውን መርምሮ ይገድልዎታል አለኝ፣ ስፒናውን ቆርጦ ኪሱ ከተተው ብላ ስትስቅ ነበር። ደስ ብሏት ነው የሳቀችው። ሰባት ዓመት ሲነዝረኝ ያየልኝ እሱ ብቻ ነው አለችኝ።»

ይስማው ያንኑ ጃኬት ለብሶ ነበር። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጣቶቹ ስፒናውን ይዘውታል።

«ይግባኝ ልጠይቅ ነው» አለች ሔዋን። «ማመልከቻ የሚጽፉልኝ ሰውዬ ስፒናው ካለ ማስረጃ ይሆናል ብለውኛል፤ ምድጃው መመርመሩን ያሳያል። ባይኖር እንኳ እርስዎ ቃል ቢሰጡልኝ ይበቃል። ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሌባ እንዳይላት ነው።»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ይስማው የፈረመባት ወረቀት ታየችው፤ ሦስት ልጆቹ ታዩት፤ አቶ አበረ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው ታዩት።

«ምን ስፒና?» አለ።

ሔዋን ቀና ብላ አየችው። ያልሰማች መስሎት ሊደግመው ሲል እሷ ቀደመችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ ሰው ይሆናላ» አለች በዝግታ። «እናቴ ያለችኝ ሰው ‹እርስዎ› እያለ የሚያናግራት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ እሱ ብቻ ነው የሚያከብረኝ ትል ነበር።»

ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ይስማው ሊጠራት አፉን ከፈተ። እስከ አጥሩ በር ድረስ ጊዜ ነበረው፤ ግቢው ረጅም ነው፤ እሷም አልቸኮለችም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ዞር ብላለች። አልጠራትም።

ወዲያው ከፎቅ ስሙን ሲጠሩት ሰማ። የአዳራሹ አምፖል ተቃጥሏል። ስፒናውን ከኪሱ ሳያወጣ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ።